ከቅጽሩ ውስጥ፣ ከመቅደሱ ውጭ

በደገኛው የኢትዮጵያ ክፍል የተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል እንዳለው ስለ አሠራሩ የጻፈ ሁሉ ይነግረናል። በስተውጭ ደብተራዎች የሚያሸበሽቡበት ቅኔ ማኅሌት አለ፤ ቀጥሎ ቆራቢው ሥጋ ወደሙን የሚቀበልበት ቅድስት ይመጣል፤ ከመካከሉ ታቦቱ ያረፈበት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይደፍረው መቅደስ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ሳይነገርለት የሚታለፈው ግን ከሕንፃው ውጭ፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ግቢ ነው። እሑድ ጠዋት እዚያ የሚቆመውን ሰው ልብ ብሎ ላየው፣ ግቢው ራሱን የቻለ አራተኛ ክፍል መሆኑ ይገባዋል። እህል የቀመሰ፣ ከትዳሩ ጋር ያደረ፣ የወር አበባዋ የመጣባት፣ የአራስነት ቀኗን ያልጨረሰች (ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ነው)፣ ከጎረቤቱ ተጣልቶ ያልታረቀ፣ ከእነዚህ አንዱም ሳይኖርበት ልቡ የከበደው፣ ሁሉም በሩን ተሳልሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ቅዳሴውን ከውጭ ያስቀድሳል። ከእነሱ ጋር በዚያው መሬት ላይ፣ ከደጀ ሰላሙ እስከ አጥሩ በር፣ ሌላ ወገን ተደርድሮ ይቀመጣል። ዓይነ ስውሩ፣ አካሉ የጎደለው፣ ደዌ የያዘው፣ ልጅ ታቅፋ የምትለምነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ክርክር ከዚሁ መሬት የሚነሣ ነው። ሰንበቴ፣ ማኅበርና ዝክር የምንላቸው ልማዶች የተወለዱት ራሱን ብቁ አድርጎ የማያየው ምእመንና ነዳዩ ጎን ለጎን ከቆሙበት ከዚህ ግቢ ነው። ድሀውን ማብላትም በእኛ አገር ክርስትና የፍጹማን ሥራ ሆኖ አልተጀመረም፤ ጎደሎነቱን የሚያውቅ ሰው ከእምነቱ ሳይወጣ የሚኖርበት መንገድ ነበር።

ከውጭ የሚቆመው ሰው ጥቂት አልነበረም። ለረጅም ዘመን በአማራው ገጠር አብዛኛው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ ውል ነው፤ ባልና ሚስት ካልተስማሙ በሽማግሌ ፊት ንብረት ተካፍለው ይለያያሉ። የቁርባን ጋብቻ ግን የማይፈታ ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ ሰው ገና በወጣትነቱ ሊገባበት ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ከንቀት ሳይሆን ከአክብሮት የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ በሕፃንነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይቆርባል፤ ጎረምሳ ሲሆን ከቁርባን ይርቃል፤ አግብቶ፣ አርሶ፣ ተጣልቶ፣ ተካስሶ፣ ልጆች ድሮ፣ ሽበት ሲወርሰው ከባለቤቱ ጋር ቆርቦ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ሠላሳና አርባ ዓመት የሰው ልጅ ዕድሜ ዋናው ክፍል ነው። ያን ሁሉ ዘመን ይህ ሰው ክርስቲያን ሆኖ የኖረው በምንድን ነው? ጾሙን ይጾማል፤ የነፍስ አባት አለው፤ ማተቡን አይበጥስም። ግን ከእግዚአብሔር ማዕድ ርቆ የቆመ ሰው ሌላ ማዕድ ካልተዘረጋለት እምነቱ ፍርሃት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። የተዘረጋለት ማዕድ ሰንበቴው ነው።

ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ በሰንበቴ ቤት ወይም በደጀ ሰላሙ ይካሄዳል። አባላቱ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ። ተረኛው ቅዳሜ ማታ በኮባ ቅጠል የጋገረውን ድፎና አስቀድሞ የጠመቀውን ጠላ አሸክሞ ይመጣል፤ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ይባርኩና ዳቦውን ይቆርሳሉ። ለካህናቱ ድርሻቸው፣ ለአባላቱ ድርሻቸው፣ ለነዳያኑና ለቆሎ ተማሪው ደግሞ የእነሱ ይወጣል። ማኅበሩ ከዚህ የሚለየው በየወሩ በአንድ ቅዱስ ስም መሆኑና በቤት መደገሱ ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ተራውን በያዘው ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሙሴ የሚሉት አለቃቸው ሥርዓቱን ያስከብራል፤ ጽዋው በጨርቅ እንደተሸፈነ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ታቦት እንደተሸከመ ሰው ረጋ ብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። አባልነቱ ምን ይጠይቅ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። መቁረብን አይጠይቅም፤ ንባብ ማወቅን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ተራን አለማጓደልና ከማኅበርተኛ ጋር ተኳርፎ አለመቀመጥን ነው። በአማርኛ በቅድስና የላቀ ሰው «የበቃ» ይባላል፤ የበቁ አባት፣ የበቁ መነኩሴ እንላለን። በሰንበቴው ዘንድ ግን ትልቁ ስም «ተረኛ» ነው። «ከእንጨት መርጦ ለታቦት፣ ከሰው መርጦ ለሹመት» የሚለው አገር፣ ለዚህ አገልግሎት ሰው ሳይመርጥ ቆይቷል። ብቃት ጥቂቶች የሚደርሱበት ነው፤ ተራ ግን ሁሉም ላይ ይደርሳል።

ይህ ልማድ በቃልም በጽሑፍም የታነጸ መሠረት አለው። በየገድሉ መጨረሻ ላይ ለቅዱሱ የተሰጠ ቃል ኪዳን ይገኛል፤ በስሙ የተራበ ያበላ፣ የተጠማ ያጠጣ፣ የታረዘ ያለበሰ ምሕረት እንደሚያገኝ የሚናገር ክፍል ነው። ዝክር የምንለው የቆመው በዚህ ላይ ነው። የነፍስ አባቱም ንስሐ ለገባ ሰው የሚሰጠው ቀኖና ጾምና ስግደት ብቻ አልነበረም፤ ምጽዋትም ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ከሁሉ በላይ ግን በገበሬው ጆሮ የገባው ተአምረ ማርያም ነው። ይህ መጽሐፍ ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መባቻ በነገሡት በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተተረጎመ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩና ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ሠሩ። ካህኑ ተአምሩን ሲያነብ፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ቆሞ ይሰማል። ከሰማቸውም ሁሉ እንደ በላዔ ሰብእ ታሪክ በልቡ የተቀረጸ የለም።

ታሪኩን አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝርዝሩን ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የቅምር ከተማ ሰው የሆነው በላዔ ሰብእ ሰይጣን አስቶት ሰው በላ ሆኗል፤ የራሱን ቤተሰብ ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ውኃ የጠማው ለምጻም ያገኛል። ለማኙ ውኃ ቢለምነው መጀመሪያ አይሰማውም፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ቆም ይላል። ስሟን ድሮ ሲጠራ ሰምቶታልና። ያኔ ከውኃው ጥቂት ያቀምሰዋል። የሰጠው ውኃ ጉሮሮ አረጠበ እንጂ ጥም አልቆረጠም። በሞተ ጊዜ ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ በሚዛኑ በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ያቺ እፍኝ ውኃ ተቀመጡ፤ የእመቤታችን ጥላ ባረፈበት ጊዜ ውኃው መዘነ። ሠዓሊዎቻችን ይህን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥለውታል፤ በየዓመቱ በየካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓልም ይነገራል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመኝ የስጦታው ማነስ ነው። ተራኪው ቢፈልግ በላዔ ሰብእን ተጸጽቶ ሀብቱን ሁሉ ያከፋፈለ፣ ለማኙን አዝሎ ወደ ቤቱ የወሰደ አድርጎ ሊተርከው ይችል ነበር። እንዲህ አላደረገም። ምጽዋቱ ራሱ ጎደሎ ነው፤ ሰጪው ጎደሎ፣ ስጦታው ጎደሎ፣ ያመነበትም ምክንያት ድሮ የሰማው አንድ ስም ብቻ። ከግቢው ዛፍ ሥር ቆሞ የሚሰማው ገበሬ በዚህ ውስጥ ራሱን ማየት አያቅተውም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ክብደት ያለውም ነው። በእፍኝ ውኃ 78 ነፍስ የሚሰረዝ ከሆነ፣ ይህ ለበደል ፈቃድ መስጠት አይደለምን? ጌታው ዓመቱን ሙሉ ጭሰኛውን ሲያስጨንቅ ከርሞ በሚካኤል ቀን ጠላና ዳቦ አውጥቶ ይነጻልን? በእመቤታችን ስም በቆመው በዚህ ልማድ ላይ ተቃውሞ የመጣው ከውጭ ሰው ብቻ አይደለም። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቹ፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የምንላቸው መነኮሳት፣ ከአብ ከወልድ ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ፊት ቆመዋል። ስለ እምነታቸውም ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል፣ አካላቸው ተቆርጧል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ ያመጡት ገድላቸው የዚያን ዘመን ጭካኔ ሳይሸፍን ያሳያል። የምሕረት መጽሐፍ በየደብሩ እንዲነበብ ያዘዙት ንጉሥ ለማይሰግዱት ምሕረት አለማድረጋቸውን መሸሸግ አይገባም። የደቂቀ እስጢፋኖስን ጽናት ሳስበው አክብሮት ይይዘኛል። ሆኖም የእነሱ መንገድ የበቁ ሰዎች መንገድ ነበር፤ ገዳም ገብቶ፣ ዓለምን ንቆ፣ እስከ ሞት የሚጸና ሰው መንገድ። ሰማንያ ፈትቶ ሰማንያ ለሚያስር፣ የወንድሙን ድንበር ገፍቶ ለሚካሰስ፣ ልጁን ቀብሮ በእግዚአብሔር ላይ ላጉረመረመ ሰው ምን ቦታ ነበረው? ሃይማኖት ለጥቂቶች ብቻ ከሆነ ደግሞ ነዳዩን በየሳምንቱ የሚመግበው ሰው ቁጥሩ ያንሳል።

ስለ ባለጠጋው ጌታ የተነሣውን ግን ታሪኩ ራሱ ይመልሰዋል ብዬ አምናለሁ። የውኃው ዋጋ መክፈያ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ሊገጥም ይገባው ነበር፤ ታሪኩ ግን ሆን ብሎ ሒሳቡን እንዳይገጥም አድርጎታል። 78 ነፍስና አንድ እፍኝ አይመዛዘኑም፤ ሚዛኑን ያደላው ጥላው እንጂ ውኃው አይደለም። ስለዚህ ሃያ ሰንጋ የጣለው ጌታ አንድ ቁራሽ ከሰጠችው መበለት የሚበልጥበት ነገር የለም፤ ሁለቱም ጥላው ካላረፈባቸው ቀሊል ናቸው። ጌቶቹ እንዲህ አልተረዱት ይሆናል። ድግሱንም የክብር መወዳደሪያ ያደረጉት ብዙዎች ናቸው፤ ተዝካርማ ድሀውን ጭምር አስጨንቋል። ለአባቱ ተዝካር የእርሻ በሬውን አርዶ በክረምቱ ከጎረቤት ጥማድ የለመነ ገበሬ በየአገሩ ነበር። ያ የልማዱ መበላሸት ነው፤ የተበላሸውም የእፍኙ ትምህርት ተረስቶ ብዛት ሲቆጠር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ድሀውን ይመለከታል። ነዳዩ ለሰጪው ነፍስ መዳኛ ዕቃ ሆኗል፤ ዝክሩ ድሀውን ከድህነቱ አያወጣውም፣ በዚያው በር ላይ ያቆየዋል የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ሰጪው ነዳዩን እንዴት እንደሚያየው ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። በአማርኛ ለማኝ «የኔ ቢጤ» ይባላል፤ የኔ አምሳያ፣ የኔ እኩያ ማለት ነው። ቃሉን የሚናገረው ሰው ሁልጊዜ ትርጉሙን አያስብም ይሆናል፤ ግን አንድ ሕዝብ ይህን ስም መርጦ ለዘመናት ይዞት መቆየቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም የሚደንቀው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው ነው። ይህን አንዱን ቃል ስናመሰግንም፣ ለለመነን ሰው የምንሰጠው ስናጣም እንናገረዋለን። «ይስጥልኝ» ውስጥ ያለችው «ልኝ» በኔ ፈንታ ማለት ናት። ያመሰገነው ሰው ብድርህን ለመክፈል አቅም የለኝም ይላል፤ የሚሰጠው ያጣው ደግሞ ልሰጥህ ይገባኝ ነበር፣ አልቻልኩም ይላል። ሁለቱም ጉድለታቸውን ይናዘዛሉ። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚናገር ሰው ድሀውን ከበላይ ሆኖ ብቻ አየው ማለት አይቻልም። ነዳዩም ባዶ እጁን አልቆመም፤ ይመርቃል፤ ሰጪው ደግሞ ምርቃቱን ይፈልገዋል። በተራው እሑድ ድፎ የተሸከመው ሰው ለነዳዩ ዳቦ ሲሰጥ ጎንበስ የሚለው ስለዚህ ነው።

የቆሎ ተማሪው ነገር ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳየናል። ከወላጆቹ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። ለምጻሙ በላዔ ሰብእን የለመነበት ልመና ይኸው ነው። የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ አውጥታ አኩፋዳው ውስጥ ትጨምርለታለች፤ እሱም ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ በልቶ ወደ ጎጆው ተመልሶ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ መጽሐፉን ያጠናል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ድቁና ተቀብሎ ወደ መቅደስ ይገባል። እንግዲህ መቅደስ የሚገባውን ካህን አብልታ ያሳደገችው እስከ መቅደስ መድረስ የማትችለው ሴት ናት። በአገራችን የግእዝ ትምህርት ሲነሣ ሊቃውንቱ ይወደሳሉ፤ ተገቢ ነው። ያንን ትምህርት ቤት ለዘመናት ያለ በጀት ያቆመው ግን ራሱን ኃጢአተኛ ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ቁራሽ ነው። የጎደሎ ሰው አገልግሎት ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የልማዱ ወሰን ግን መነገር አለበት። ተራ የሚሠራው ተረኛው ሲኖረው ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፣ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት የገባው የከብት እልቂት የአገሩን በሬ ጨረሰው፤ ሰንበቴውም ማኅበሩም የሚያወጣው እህል አጣ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት የቆፈሩት ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ ለማደፋፈር ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜም ጎረቤትን የሚያበላ ጎረቤት አልተገኘም፤ ሁሉም በአንድነት ተርቦ ነበርና። እፍኝ ውኃ የአንድ ሰው ጉሮሮ ያረጥባል፤ የአንድ አገር ድርቅ ግን መንግሥት፣ መንገድ፣ ጎተራና ተጠያቂነት ይፈልጋል። ዝክር የእነዚህ ምትክ ነው የሚል ሰው ካለ ልማዱን ያልሆነውን ነው እያለ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ የሚነሣው የዛሬ ተቃውሞ ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል። ባለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች ንስሐ እየገቡ መቁረብ ጀምረዋል፤ መምህራኑም ማኅበርና ሰንበቴ የቁርባን ምትክ መሆን የለባቸውም፣ ሰው በግቢው ረክቶ ቀረ፣ ወደ ውስጥ መግባት ነበረበት ይላሉ። ልክ ናቸው። ግቢው መድረሻ አይደለም። ነገር ግን ያ ግቢ ባይኖር ኖሮ አያቶቻቸው ከአጥሩ ውጭ ይቀሩ እንደነበር ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። ዛሬ ወደ ቅድስት የሚገባው ወጣት እምነቱን የወረሰው በዛፍ ሥር ከቆሙት ነው። የሚያሰጋኝ የቆራቢው መብዛት አይደለም፤ መብዛቱ ደስ ያሰኛል። የሚያሰጋኝ የበቃው ሰው ተራውን እንዳይረሳ፣ ወደ ውስጥ ሲገባም በደጅ የተቀመጠውን የኔ ቢጤ በጀርባው እንዳይተወው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት የኖረችበትን ርስቷን አጣች፤ ካህናቱም ኑሯቸው ተናጋ። የሰንበቴው ተራ ግን መሬት ላይ የተመዘገበ ስላልነበር የሚወረስ ነገር አልተገኘበትም፤ ድፎውና ጠላው መምጣታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ከስደተኛው ጋር ባሕር ተሻግሯል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ አብሮ ይበላል፤ ቤተሰቦች ተራ ይገባሉ፤ አሰላፊዋ እንጀራውን ታወጣለች። ብዙዎቹ ሕንፃዎች ክብ አይደሉም፤ ከሌላ ቤተ እምነት የተገዙ ወይም የተከራዩ ናቸው። በደጃቸውም እንደ አገር ቤቱ የተደረደረ ነዳይ የለም፤ ከበሩ ውጭ ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ተረኛው አለ፣ ዳቦው አለ፣ ጸሎቱ አለ፤ የግቢው ግማሽ ግን ባዶ ነው። የዚያች ከተማ የኔ ቢጤ ከዚያ ጥቂት መንገድ ርቆ በድልድይ ሥር ተኝቷል፤ በእንተ ስማ ለማርያም ማለትን አያውቅም።